ቴርሞሜትሩ የት ነው የቆመው?

እንደምን አመሻችሁ! ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፊት ባዶ ወንበሮች አሉ፤ ከኋላ የቆማችሁ ኑና ተቀመጡ፣ ንግግሩ ረዘም ይላል።

ሁላችሁም በየቀኑ አንድ ቁጥር ትሰማላችሁ። «የዛሬው ከፍተኛ ሙቀት 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው» ይላል ዜናው። ስልካችሁም ይላል። ሰምታችሁ ታልፋላችሁ። እኔ ግን ዛሬ ቆም ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው የምፈልገው። 33 ዲግሪ የት? ሣር ላይ ነው አስፋልት ላይ? ከግድግዳ ስንት ሜትር ርቆ? ያ ቴርሞሜትር ከ30 ዓመት በፊትም እዚያው ነበር ወይስ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ ነው የመጣው?

ጥያቄዎቹ ጥቃቅን ይመስላሉ። አይደሉም። አንድ ከተማ ሞቀ ወይስ አልሞቀም፣ በስንት ሞቀ፣ ለምን ሞቀ የሚለው ክርክር በሙሉ እነሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ስለዚህ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ከተማ ለምን ይሞቃል? ሁለተኛ፣ የሙቀት መለኪያ ጣቢያው የቆመበት ቦታ ቁጥሩን ምን ያደርገዋል? ሦስተኛ፣ እንዲህ ከሆነ ታዲያ የሙቀት መዝገቦቻችንን ማመን እንችላለን ወይ? የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከከተማው ልጀምር። ከተማ በዙሪያው ካለው ገጠር እንደሚሞቅ ከታወቀ 200 ዓመት አልፎታል። ሉክ ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ ዛሬም የምንጠቀምባቸውን የደመና ስሞች ያወጣው ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደንን ሙቀት ከከተማው ውጪ ከተለካው ጋር እያስተያየ ለዓመታት መዘገበ። ሌሊት ከተማው ከገጠሩ በ3.7 ዲግሪ ፋራናይት ይሞቅ ነበር፤ ወደ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ቀን ላይ ግን እንዲያውም በጥቂቱ ቀዝቀዝ ይል ነበር። ልብ በሉ፣ መኪና ባልነበረበት፣ ኤርኮንዲሽነር በማይታሰብበት ዘመን ነው ይህ!

«ሌሊት» የምትለዋን ያዙልኝ። የከተማ ሙቀት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የቀትር ፀሐይ ነው። ዋናው ጉድ ያለው ግን ሌሊት ነው። ለምን?

ቀን ፀሐይዋ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ አስፋልቱን ትመታለች። ኮንክሪቱና አስፋልቱ ሙቀቱን ውጠው ያስቀምጡታል። ገጠሩ ላይ አፈሩ እርጥበት አለው፣ ሣርና ዛፍ አለ፤ ከፀሐይ ከሚመጣው ጉልበት ብዙው ውሃ በማትነን ያልቃል፣ አየሩን ለማሞቅ የሚተርፈው ያንሳል። ከተማ ውስጥ ግን ዝናቡ በቱቦ ሄዷል፤ የሚተን ነገር የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ገጠሩ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከተማው ቀን የዋጠውን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ያውም ሕንፃ ከሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ አንዱ የለቀቀውን ጨረር ሌላው ስለሚቀበለው ወደ ሰማይ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። ነፋሱም ታግዷል። በዚህ ላይ የመኪናው፣ የፋብሪካው፣ ከቤት ውስጥ ሙቀት አውጥቶ መንገድ ላይ የሚደፋው የኤርኮንዲሽነር ሙቀት ይጨመራል።

ነፋስ በሌለበት፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ልዩነቱ ጣራ ይነካል። በትልልቅ ከተሞች ከ5 ዲግሪ በላይ መሆኑ ብርቅ አይደለም። ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ሙቀቱ ይበተንና ልዩነቱ በጣም ይቀንሳል። ይህችንም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ይህን በዓይናቸው እንዲያዩ ተማሪዎቼን ይዤ በሌሊት የመውጣት ልማድ አለኝ። ከመሀል ከተማ እንነሳና ሕንፃው አልቆ ሜዳው እስኪጀምር እንሄዳለን። አንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። መሀል ከተማ ላይ ቁጥሩ ፍንክች አይልም። ትልቅ መናፈሻ አጠገብ ስንደርስ ይወርዳል። ተመልሰን ሕንፃ መሀል ስንገባ ይወጣል። ሜዳው ጋ ስንደርስ ሁሉም ጃኬቱን ይዘጋል። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ የጻፈችውን ወረቀት አየችና «ታዲያ የከተማው ሙቀት የቱ ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ይኸው ነው! ከተማው አንድ ሙቀት የለውም። ያለው ቴርሞሜትሩ የቆመበት ቦታ ሙቀት ነው።

ወደ ሁለተኛው ልግባ። ዛሬ እዚህ የመጣሁት በተለይ ለዚህ ነው።

የአየር ሙቀት መለካት ቀላል ይመስላል። ግን ቴርሞሜትሩን ፀሐይ ላይ ብታስቀምጡት የሚነግራችሁ የአየሩን ሳይሆን በፀሐይ የጋለውን የራሱን ሙቀት ነው። ስለዚህ ጥላ ያስፈልገዋል። ጥላ ብቻም አይበቃም፤ አየር እንደልብ ሊያልፍበት ይገባል። ቶማስ ስቲቨንሰን የሚባል፣ ባሕር ዳር ለመርከቦች መብራት የሚሆኑ ማማዎችን የሚሠራ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በ1860ዎቹ ለዚህ መላ አበጀ። ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሳጥን ነው። ግድግዳው ድርብ ነው፤ ሰያፍ ሆነው በተደራረቡ ጣውላዎች የተሠራ ስለሆነ ፀሐይ አያስገባም፣ ነፋስ ግን ያሳልፋል። ከመሬት ከፍ ብሎ በአራት እግር ይቆማል። የሜትሮሎጂ ጣቢያ ግቢ ውስጥ አይታችሁት ይሆናል፤ ከሩቅ የንብ ቀፎ ይመስላል። ዛሬ ብዙ ቦታ በትንንሽ የፕላስቲክ መከለያ ተተክቷል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ሳጥኑ ጥሩ ሆኖ ቦታው መጥፎ ከሆነስ? የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት ለዚህ ደንብ አለው። ቴርሞሜትሩ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን ይላል። ጣቢያዎችን ደግሞ ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይከፍላቸዋል። አንደኛ ደረጃ ለማግኘት መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት፤ ሣሩ ከ10 ሴንቲሜትር የማይበልጥ አጭር መሆን አለበት፤ ሕንፃ፣ ኮንክሪት፣ የመኪና ማቆሚያና ሌላ ሙቀት የሚለቅ ነገር ከ100 ሜትር በላይ መራቅ አለበት፤ ጥላም ሊያርፍበት አይገባም። ከዚያ ወዲህ ደረጃው እየወረደ ይሄዳል። አራተኛ ደረጃ ጣቢያ እስከ 2 ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። አምስተኛው እስከ 5 ዲግሪ። 5 ዲግሪ! በአሥርት ዓመታት ውስጥ የዲግሪ ክፍልፋይ ለውጥ የምንፈልግ ሰዎች ነን እኮ!

አንድ ጊዜ ልጎበኘው የሄድኩት ጣቢያ ነበር፤ የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሲተከል ዙሪያው ባዶ ሜዳ ነበር። ቀስ በቀስ አጠገቡ ቢሮ ተሠራ፤ ቢሮው ሲሠራ መኪና ማቆሚያው በአስፋልት ተነጠፈ፤ ኋላም የኤርኮንዲሽነሩ የውጪ ሞተር ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፣ ፊቱን ወደ ሳጥኑ አዙሮ። እጄን ዘርግቼ ብይዘው ትኩስ ትንፋሽ ነው የሚወጣው። ሳጥኑም ቀለሙ ለቆ ግራጫ ሆኗል፤ ነጩ ቀለም ሲያረጅ ሳጥኑ ፀሐይ ይጠጣል። ያናደደኝ ግን ሞተሩ አይደለም። ግንባታውን ማንም ተነስቶ አያስቆምም፣ ከተማ ያድጋል። ያናደደኝ መዝገቡ ነው። ገልብጬ ገልብጬ አየሁት። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። አስፋልቱ መቼ እንደተነጠፈ አንድ መስመር የለም። ሞተሩ መቼ እንደተሰቀለ አንድ መስመር የለም። ከዓመታት በኋላ ያንን መዝገብ የሚያነብ ሰው የአየሩን ሙቀት ከሞተሩ ሙቀት በምን ይለየው?

ይህ የተራ ጣቢያ ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። በሐምሌ 2019 አውሮፓ በሙቀት ስትነድ ጀርመን ውስጥ ሊንገን የምትባል ከተማ 42.6 ዲግሪ ተለካ። የአገሪቱ ክብረ ወሰን ተባለ፣ ዓለም ዘገበው። ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የጀርመን የአየር ሁኔታ አገልግሎት ራሱ ቁጥሩን ሰረዘ። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? በጣቢያው ዙሪያ ያደገው ዛፍና ቁጥቋጦ ነፋሱን አግዶ ሙቀቱን ያከማች ነበር። በዚያው ዕለት ሌላ ቦታ የተለካው 41.2 ዲግሪ ክብረ ወሰን ሆኖ ጸና። ያም ቢሆን እጅግ ከባድ ሙቀት ነው፤ ጀርመን የዚያን ቀን መቃጠሏን መሰረዙ አይቀይረውም። እኔ ሥራ ማለት ይህ ነው እላለሁ። በአደባባይ ያወጁትን ቁጥር በአደባባይ ማንሳት።

የሊቢያው ደግሞ ይብሳል። በ1922 ኤል አዚዝያ በሚባል ቦታ 58 ዲግሪ ተመዘገበ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ 90 ዓመት ኖረ። በ2012 የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት መርምሮ ጣለው። ንባቡን የወሰደው ሰው አዲስ ነበር፣ መሣሪያውም ለማንበብ የሚያሳስት ዓይነት ነበር። እና ደግሞ፣ ወደኛ ጉዳይ ስንመጣ፣ መሣሪያው የቆመበት መሬት አስፋልት መሰል ነገር የለበሰ ስለነበር የበረሃውን አፈር አይወክልም። ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ዋናው የመመዝገቢያ ወረቀት ስለተገኘ! ወረቀቱ ጠፍቶ ቢሆን 58 ዲግሪው ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ ይኖር ነበር።

ሦስተኛ ምሳሌ ቶኪዮ። በታኅሣሥ 2014 የጃፓን የሜትሮሎጂ ተቋም የቶኪዮን ዋና ጣቢያ ሕንፃ ከበዛበት ኦቴማቺ አንስቶ ኪታኖማሩ ወደሚባል መናፈሻ ወሰደው። ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን ለክተው ነበርና ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል፤ በዓመት አማካይ 0.9 ዲግሪ ገደማ፣ ዝቅተኛው ሙቀት ብቻ ሲታይ ደግሞ 1.4 ዲግሪ ገደማ ቀነሰ። ሌሊት ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ ያው ከተማ፣ ያው ሰማይ። መዘዋወሩን የማያውቅ ሰው ግራፉን ቢያይ «ቶኪዮ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘች» ይል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ሙቀት ብቻ የሚያጋድል እንዳይመስላችሁ። ዛፍ አድጎ ሳጥኑን ቢያጠላበት የቀን ሙቀት ዝቅ ይላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ አገር ውስጥ ጣቢያዎች ከመሀል ከተማ ጣሪያና ግቢ ወደ አየር ማረፊያ ተዛውረዋል፤ አየር ማረፊያው ያኔ ከከተማ ውጪ ሜዳ ላይ ስለነበር ቁጥሩ በአንድ ጀምበር ወረደ። ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል፤ ይህን በዝርዝር ላሳያችሁ።

የድሮው የከፍተኛ ሙቀት ቴርሞሜትር ከወጣ ሰው ካልመለሰው አይወርድም። መዝጋቢው በቀን አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ያነባል፣ ያራግፋል፣ ይሄዳል። ከቀኑ 11 ሰዓት ነው የሚመጣው እንበል። ሰኞ በጣም ሞቃት ነበር፣ 36 ደርሷል። 11 ሰዓት ላይ አየሩ ገና 35 ነው። 36 ብሎ ጻፈና አራገፈው፤ ቴርሞሜትሩ 35 ላይ ቆመ። ማክሰኞ ቀዝቃዛ ሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከ28 አላለፈም። ማክሰኞ ሲመጣ ስንት ያነባል? 35! አንድ ሞቃት ከሰዓት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በዝቅተኛው ቴርሞሜትር ቀዝቃዛው ንጋት ነው ሁለት ጊዜ የሚቆጠረው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ በጎ ፈቃደኛ መዝጋቢዎች በዓመታት ውስጥ ከማታ ንባብ ወደ ጠዋት ዞሩ። አየሩ ምንም ሳይሆን መዝገቡ የቀዘቀዘ መሰለ።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው የምድር ሙቀት ጨመረ የሚባለው የአስፋልትና የኤርኮንዲሽነር ወሬ ነው» ሊል ይችላል። ብዙ ሰው ብሎኛል። ጥያቄው አግባብ ነው፤ በንቀት ሊመለስ አይገባም። በሥራ ነው መመለስ ያለበት፤ ደግሞም ተሠርቷል።

ከ2007 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሙቀት መዝገቦቹን በሚጠራጠረው በአንቶኒ ዋትስ የተመሩ በጎ ፈቃደኞች በአገሪቱ ዋና የአየር ንብረት መረብ ውስጥ ያሉትን ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች ለማየት ተነሱ። አብዛኞቹን ፎቶ አነሱ። ብዙዎቹ ደንቡን አያሟሉም ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፣ እኔ በበኩሌ አከብረዋለሁ። ዋትስ ራሱ አንዱ ጸሐፊ በሆነበት በ2011 በወጣ ጥናት፣ መጥፎ ቦታ ላይ ያሉት ጣቢያዎች ጥሩ ቦታ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ የዝቅተኛውን ሙቀት ጭማሪ ከልክ በላይ፣ የከፍተኛውን ደግሞ ከልክ በታች ያሳዩ ነበር። ሁለቱ ተካካሱ፤ የአማካዩ አዝማሚያ ያው ሆኖ ተገኘ። ይህ አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ እዚያው አሜሪካ በ2000ዎቹ ሌላ መረብ ከመሠረቱ ተተከለ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ሦስት ቴርሞሜትር አለ፤ ቦታው የተመረጠው ለረጅም ዓመታት ግንባታ የማይደርስበት እንዲሆን ነው። ይህ ንጹሕ መረብ የሚያሳየውና አሮጌው መረብ ከታረመ በኋላ የሚያሳየው እጅግ ይቀራረባል።

ሦስተኛ፣ ነፋሱን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ዴቪድ ፓርከር የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ2004 አንድ ግሩም ነገር አሰበ። የከተማ ሙቀት ነፋስ ሲነፍስ ይበተናል። ስለዚህ የዓለም ሙቀት መጨመር የከተማ ሥራ ቢሆን ነፋሻ ሌሊቶች ጭማሪው ያነሰ፣ ጸጥ ያሉት ደግሞ የበዛ መሆን ነበረባቸው። ለይቶ አሰላው። በሁለቱም ጭማሪው እኩል ነበር። በዚህ ላይ ውቅያኖስ አለ፤ ከምድር ገጽ 71 በመቶውን የሸፈነው እሱ ነው፣ እሱም ሞቋል። ውቅያኖስ ላይ መኪና ማቆሚያ የለም።

«ቁጥሩን ያርሙታል» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። አዎ፣ ይታረማል። አንድ ጣቢያ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ተነጥሎ በአንድ ቀን ከዘለለ የተለወጠው አየሩ አይደለም፤ ጣቢያው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ ከጎረቤቶቹ ጋር እየተነጻጸረ ዝላዩ ይፈለጋል፣ ይስተካከላል። መላው ዓለም አንድ ላይ ሲታይ፣ ውቅያኖሱ ተጨምሮ፣ የእርማቶቹ ድምር የረጅሙን ዘመን ጭማሪ በጥቂቱ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ምክንያቱም ድሮ መርከበኞች የባሕሩን ውሃ በሸራ ባልዲ ቀድተው ነበር የሚለኩት፤ ውሃው እየተነነ ይቀዘቅዝ ስለነበር የድሮው ቁጥር ከእውነቱ ዝቅ ያለ ነው።

ይህን ብዬ ግን ሌላውን ወገን አልሸፍንም። እንዲህ ያለ እርማት ጎረቤት ይፈልጋል። ጣቢያ በሳሳበት፣ ወይም ጎረቤቶቹ ሁሉ አብረው ከተማ በሆኑበት ቦታ፣ ቀስ እያለ የሚመጣውን የከተማ ሙቀት ማጥራት ከባድ ነው። ቻይና ውስጥ በፍጥነት በከተሙ አካባቢዎች ከተመዘገበው ጭማሪ የከተማው ድርሻ ቀላል እንዳልሆነ ጥናቶች አሳይተዋል። ለዓለም አማካይ ኢምንት የሆነ ነገር ለአንድ ከተማ መዝገብ ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል። የአንድ ከተማን ግራፍ ይዞ ስለ ዓለም መናገርም፣ የዓለምን ግራፍ ይዞ ስለ አንድ ከተማ መናገርም ልክ አይደለም።

ደግሞ እባካችሁ፣ የከተማ ሙቀት «ስህተት» ነው ብላችሁ አትውጡ። ዓለም ምን ያህል ሞቀ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ልናጠራው የሚገባ ነገር ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በትኩስ ሌሊት እንቅልፍ ላጡ አዛውንት ግን እሱ ራሱ ነው ሙቀቱ። ሰውነት ሌሊት ካልቀዘቀዘ የቀኑን ድካም አያራግፍም፤ የሙቀት ማዕበል ሰው ከሚገድልባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጣቢያ ያስፈልገናል። አንዱ ከከተማ ርቆ፣ ማንም ሳይነካው፣ የአየር ንብረትን የሚከታተል። ሌላው ሰው በሚኖርበት መሀል ከተማ ውስጥ ሆኖ ሰው የሚቀምሰውን ሙቀት የሚለካ። ችግር የሚመጣው አንዱን ለሌላው ሥራ ስንጠቀምበት ነው።

አንድ ሽማግሌ መዝጋቢ አውቃለሁ። ሳጥኑን በየጊዜው ነጭ ቀለም ይቀቡታል፣ ሣሩን ያጭዱታል። ከቁጥሩ መዝገብ ሌላ የራሳቸው ደብተር አላቸው። ሳነበው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «ዛሬ በምሥራቅ ያለው ትልቁ ዛፍ ተቆረጠ።» «የጎረቤት አጥር ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት ተለወጠ፤ ርቀቱ 14 እርምጃ።» «ታምሜ ልጄ ነው ያነበበችው፤ ግማሽ ሰዓት ዘግይታለች።» ይህን ሁሉ ይጻፉ ያላቸው ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ቁጥሩን እኮ እኔ ስሞት የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ይህን ግቢ አላየውም» አሉኝ።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ይህንን ነው። ጣቢያ የምታስተዳድሩ ካላችሁ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የተተከለ ትንሽም ቢሆን፣ በየዓመቱ ሳጥኑ አጠገብ ቆማችሁ ወደ አራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑን ጻፉበት። ሕንፃ ሲሠራ፣ ዛፍ ሲቆረጥ፣ አስፋልት ሲነጠፍ፣ መሣሪያ ሲቀየር፣ የንባብ ሰዓት ሲለወጥ ጻፉ። ጣቢያውን ማዛወር ግድ ከሆነ አሮጌውንና አዲሱን ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ፣ ጎን ለጎን አስኪዱ። ውሳኔ ሰጪዎችም ካላችሁ፣ ረጅም መዝገብ ያለው ጣቢያ ግቢ ባዶ መሬት እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጊዜ ከተገነባበት የ80 ዓመት መዝገብ እዚያ ላይ ይቆረጣል፣ በገንዘብ አይመለስም።

የእኔ ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ፤ በተለይ የማትስማሙ ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።